አባቴ አላስተምርም ያሉት ተማሪ

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ደብር ከሠላሳ ዓመት በላይ ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። እኔ በዚያው ከተማ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ሁለታችንም መምህር ነን፤ እሳቸው ግን የእኔን ሥራ "ጠቅ ጠቅ" ነው የሚሉት።

ባለፈው ክረምት ፒያሳ አካባቢ የሁለት ቀን ሥልጠና ወሰድኩ። አዳዲስ ቴክኖሎጂ ለአገር ደኅንነትና ለኢኮኖሚ ተወዳዳሪነት ስላለው ፋይዳ ነበር። አሠልጣኙ "የመረጃ ሉዓላዊነት" ባለ ቁጥር እጽፋለሁ። ሦስት ገጽ ሞላሁ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልገባኝም።

እቤት ስገባ አባቴ ተማሪዎቻቸው የተቀኙትን ያሰፈሩባቸውን ደብተሮች ግቢው ውስጥ አስጥተዋል። እርጥበት ጀምሯቸው ነበር።

"አባባ፣ በስልኬ ላንሳቸው፤ ከዚያ በኋላ አይጠፉም" አልኳቸው።

"አንስተሽ የት ታኖሪያቸዋለሽ?"

"ደመና ላይ።"

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "እኔ ዝናብ ፈርቼ አሰጣለሁ፣ አንቺ ደመና ላይ ትሰቅያለሽ?"

ደመና የሚባለው ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር እንደሆነ አስረዳኋቸው።

"የማን አገር?"

ወሬ ለማስቀየር ስልኬ ላይ ያለውን፣ የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልሰውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳየኋቸው። አንድ ቅኔ ነገሩኝና ጻፍኩለት፤ ሰሙንና ወርቁን ጠየቅነው። አባቴ መነጽራቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ መልሱን ዘረገፈው። አነበብኩላቸው።

"ቆይ፣ ቆይ! ሀገር በግዕዝ ከተማ ማለት ነው። ይሄ አንዷን ከተማ ሙሉ አገር አደረጋት። ደግሞ ሳያፍር!"

"ያርሙት፤ ካረሙት ይማራል" አልኳቸው።

ማረም ነፍሳቸው ነው። ጣታቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉና መንገድ ላይ አቆሙት።

"ሲማር ለማን ነው የሚያገለግለው?"

"ለሠሩት ሰዎች።"

"ለእኛስ?"

"በየወሩ ከፍለን እንጠቀምበታለን።"

"ምነው ልጄ! የእኔ ተማሪ ቢያንስ ውሃ ይቀዳልኛል። ይሄ ከእኔ ተምሮ ለልጅ ልጆቼ ሊሸጥ? አላስተምርም!"

ሦስት ገጽ ጽፌ ያልገባኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ትንሽ አፈርኩ፤ ብዙ ሳቅሁ።

በመጨረሻ ተስማማን። ደብተሮቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸውና ወደ ደመናው ሳይሆን እጅ ወደምታህል ሃርድ ዲስክ ገለበጥኳቸው። ከዚያ እኔና የኮሌጅ ተማሪዎቼ ያለ ኢንተርኔት የምትሠራ ግዕዙን ወደ አማርኛ የምትመልስ ትንሽ የኮምፒውተር መዝገበ ቃላት መሥራት ጀመርን። አባቴ ሐሙስ ሐሙስ በባጃጅ ኮሌጁ እየመጡ ያርማሉ። የእኛዋም ትሳሳታለች፤ አንድ ቀን ዲያቆኑን ዲያብሎስ ብላ አባቴን ከወንበር አስነስታቸዋለች። ተማሪዎቼ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይፈራሉ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሮቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ሲወጡ የኮሌጁ ጥበቃ ያዛቸው። የመውጫ ወረቀት ካላመጡ ዕቃው አያልፍም አለ። የራሳቸው ነው ብዬ ብለምነው እምቢ አለ። የትምህርት ክፍሌ ኃላፊ እስኪፈርምልን አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን የጥበቃውን ትከሻ መታ መታ አድርገው "ሸጋ ልጅ ነህ! እንዲህ ነው እንጂ!" አሉት። ማታ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ደብተሮቻቸው ዘበኛ እንደቆመላቸው ሲያወሩ አመሹ።