ግማሽ ገጽ የደረሰው ባለሱቅ

ወሩ ጠፍቶብኛል። ሲጋራ መሸጥ የተከለከለበት ሰሞን ነበር ልበል፣ ወይስ ከዚያ ወዲህ? ብቻ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የልጄ ልጅ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ባለው ሱቄ ከእኔ ጋር የምትውልበት ጊዜ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

መምህሯ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ልብ ወለድ አድላ ነበር። "ሁሉም ልጅ ራሱን የሚያገኝበት መጽሐፍ ነው" ብላቸዋለች። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ ልጅቷ እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ ትነግረኛለች፤ እኔ የዱቄት ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አራት ጓደኛሞች ናቸው፤ ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ፣ ሕንድ አለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ አለ። ደስ ይላል። የባለወንበሩ ልጅ እናት የሞተችበት ቦታ ስንደርስ ማስኬ እስኪርስ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ግን ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጠች።

"ምነው ዘለልሽ?"

"ምንም የለውም፣ አባባ።"

የመሳሳም ነገር ቢሆን ነው፣ አፍራኝ ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ መምህሯ "ራሳችሁን ያገኛችሁበትን ገጽ አንብባችሁ ድምፁን በስልክ ላኩልኝ" ስትል ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። የክፍሏ ልጆች ቀድመው "አንቺማ ያቺ ገጽ አለችልሽ" እያሉ ሲስቁባት ከርመዋል። ያቺ የዘለለቻት።

"አንብቢልኝ።"

"ይቅርብህ።"

"አንብቢ ብያለሁ!"

አነበበች። ባለሱቅ ነው፣ የሰው አገር ሰው። ስም የለውም፤ ልጆቹ "ማይ ፍሬንድ" ይሉታል። ይሸታል ይላል። ጊዜው ያለፈበት ወተት ይሸጣል ይላል። ከዚያ ሰዎች መጥተው ሱቁን ያቃጥሉታል፤ አራቱ ጓደኛሞች ጭሱን እያዩ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው "ከእንግዲህ ልጆች አይደለንም" ይባባላሉ። አለቀ። ግማሽ ገጽ! ሰውየው የት አደረ? ተርፏል? ልጅ ነበረው? አንድ ቃል የለም። የሰው ሱቅ የነደደው እነሱ እንዲበስሉበት ነው እንዴ?

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን መጽሐፉን ነጥቄ ልቀደው ነበር።

"የትምህርት ቤቱ ነው!" ብላ ያዘችብኝ።

"እንግዲያው ምንም አትልኪ!"

"ዜሮ ልቀበል?"

የተናደድኩት በጻፈው ሰው፣ የጮህኩት በልጅቷ ላይ።

ጩኸታችንን ሰምታ ሱቁን ያከራየችኝ የግቢው ባለቤት፣ ጎጎ የምንላት የዙሉ አሮጊት፣ ማስኳን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ሱቁ ፍርግርግ መጣች። እኔን "ምኩሉ" ነው የምትለኝ፣ አያት ማለቷ ነው።

"ምንድን ነው ምኩሉ፣ ሌባ ያዝክ?"

መጽሐፉን በብረቱ መሃል አሾለክሁላት። ቆማ አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

"ይሄን የጻፈ ሰው ከእንዲህ ያለ ሱቅ ዳቦ ገዝቶ አያውቅም" አለች። ወደ ልጅቷ ዞራ ደግሞ፣ "አንቺ፣ ይሄ ሽማግሌ ስም የለውም? አንብቢና ስሙን ንገሪያቸው። እምቢ ካልሽ እኔ አነባለሁ፤ ድምፄ ደግሞ እንደ ላም ነው።"

ልጅቷ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ገጹን ስልኩ ላይ አነበበችና ቅጂውን ሳታቆም የእኔን ስም ከነአባቴ ጠራች። "አያቴ ነው። ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት የወተቱን ቀን እያየ ያለፈበትን ያወጣል።" ላከችው።

መምህሯ የሚያጨበጭቡ እጆች ምስል መለሰችላት። ጭብጨባ! አንድ የይቅርታ ቃል እንኳ የለም። መጽሐፉን ለሚቀጥለው ክፍልም እንዳለ ሰጡት አሉ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያን ቀን ለልጅቷ ከቁጣ ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም። ያሻገረችን የግቢው ባለቤት ናት፣ ጎጎ።