ፈሪዋ መምህርትና የካጌኖ ተዳፋት

ኦሪሃራ ቺዙ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈሪ ነበረች። ነጎድጓድ ሲያጓራ ቁም ሣጥን ውስጥ ትገባለች፤ ድልድይ ላይ ስትደርስ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ትይዛለች፤ አባቷ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ትንሽ ከዘገየ የጎረሰችው ሩዝ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ጎረቤቶቿ "ይቺ ልጅ ጥላዋን አይታ የምትበረግግ ናት" እያሉ ይስቁባት ነበር። አድጋ፣ ተምራ፣ ሺኮኩ ደሴት ላይ ባለ አንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርት ስትሆንም ፍርሃቷ አብሯት ሄደ። እሷም ሥራዋ አደረገችው። ተራራ ላይ ባሉ መንደሮች እየዞረች ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን "ልጅ ሳሉ ምን ያስፈራዎት ነበር?" ብላ ትጠይቃለች፤ የሚነግሯትንም በድምፅ መቅጃ ትይዛለች።

"ፍርሃት ደሞ ይጠናል?" አላት አንድ ቀን የእንስሳት ክፍሉ መምህር።

"አንተ የእንቁራሪት ጩኸት እያጠናህ ነው እንዲህ የምትለኝ?"

"የእኔዎቹ እኮ ሲጮኹ ሚስት ፈልገው ነው። ምክንያት አላቸው።"

ዩኒቨርሲቲው አነስተኛ ስለሆነ ሁሉም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚሠራው። በየዓመቱ ፀደይ ላይ ከየክፍሉ ያለው ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰብና የያዘውን ጥናት ለሌላው ያሳያል። አንዷ ሚሶ የሚባለው የአኩሪ አተር ሊጥ በሚብላላበት ጋን ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ታወራለች፤ ሌላው ሚስታቸው የሞተችባቸው ወንዶች ለምን ከቤት እንደማይወጡ ያስረዳል፤ ከእሱ ቀጥሎ የመርከብ ቀለም የሚያጠና ኬሚስት ይቆማል። አብዛኛው ሰው የሌላውን በግማሽ ጆሮ ሰምቶ ምሳው ላይ ያተኩራል።

በዚያ ዓመት ቺዙ ካጌኖ ከምትባል መንደር የሰበሰበችውን ይዛ ቀረበች። ትልቅ ካርታ ሠርታ፣ ሰዎቹ የሚፈሩትን ቦታ በቀይ፣ የሚተማመኑበትን በሰማያዊ ቀብታለች። የመሬት ጥናት ክፍሉ ኩዋና ሪዮሄ የምሳ ሣጥኑን እንደያዘ ከካርታው ፊት ቆመ። ኩዋና ጸጉሩ ሁልጊዜ የተንጨባረረ፣ ጫማው ከጭቃ የማይለይ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

"ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?"

"መቅደሱ። ዝናብ ሲበረታ ሁሉም እዚያ አዳራሹ ውስጥ ነው የሚሰበሰበው።"

"ሁሉም?"

"አንድ ሰው አይቀርም። ምነው?"

በሁለቱ ጣቶቹ መሃል የያዘው የመብያ እንጨት ወደቀ። አላነሳውም። "ተከተይኝ" ብሎ ወደ ክፍሉ ወሰዳት።

ኩዋና ካጌኖን ከላይዋ ባለው ተዳፋት ነበር የሚያውቃት። ከዐለት እስከ ዐለት ሽቦ ወጥሮ፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ የሚለካ መሣሪያ ተክሎባታል። ከብዙ ዓመት በፊት መንደሯን የመታው ናዳ የወረደው በምዕራብ በኩል ነው፤ ያ ጎን ከወረደ በኋላ ረግቷል። አሁን ቀስ እያለ የሚንሸራተተው ምሥራቁ ነው። መቅደሱ ከነአዳራሹ የተቀመጠውም እዚያ ላይ ነበር።

ቺዙ ወንበር ሳትፈልግ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "ነግረሃቸዋል?"

"ነግሬያቸዋለሁ እንጂ! ስብሰባ ጠርቼ፣ ሥዕል አሳይቼ። አመሰገኑኝ፣ ሻይ አጠጡኝ፣ ጎንበስ ብለው ሸኙኝ። ለካ ዝናብ ሲበረታ ሁሉም እዚያው ነው የሚገቡት! እኔ እነዚህ ሰዎች አልገቡኝም።"

ለእሷ ግን ገብተዋታል። እማማ ቶሜ ነግረዋታላ። እማማ ቶሜ የመንደሩ ታላቅ ናቸው፤ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ምላሳቸው ያልጎበጠ። ትንሽ ልጅ ሳሉ ዝናቡ ለቀናት ጣለ፤ እናታቸው አቅፋቸው ወደ መቅደሱ ወጣች። ታላቅ እህታቸው ሃትሱ ግን "የሐር ትሎቹን ቅጠል ሳልሰጥ አልመጣም" ብላ ቀረች። ምዕራቡ ተዳፋት ያን ቀን ወርዶ ቤቱን ከነሃትሱ ዋጠው። ከዚያ ወዲህ ካጌኖ ውስጥ ዝናብ ሲከብድ ከመቅደሱ የሚቀር የለም። ከዚያ ውጡ ማለት ለእነሱ ሃትሱን ሁኑ ማለት ነው።

"ታዲያ አንቺ ንገሪያቸዋ" አላት ኩዋና።

"እኔ? ተሳስተን ቢሆንስ? ከዚያ አውጥቼ ሌላ ቦታ ባስገድላቸውስ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቺዙ እንቅልፍ አጣች። ጣሪያ ላይ ጠብ ያለች ጠብታ ሁሉ ስሟን የምትጠራት ይመስላት ጀመር።

የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ሽቦው ትንሽ ተሳበ። ኩዋና ደወለላት፤ እሷ ደግሞ ለመንደሩ አለቃ ለአቶ ሂሳማትሱ ደውላ፣ ለምና ተለማምጣ፣ ሰዉን ሁሉ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የተዘጋ ትምህርት ቤት አስወረደች። ሲወርዱ አቶ ኮኖ የሚባሉ ሽማግሌ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው እግራቸው ተሰበረ። ዝናቡም አባራ። ተዳፋቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ አቶ ሂሳማትሱ ደወሉላት። "መምህርት፣ ተራራው ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሎኛል፤ ትናንት አልተመቸውም።" ከኋላቸው የሰዎች ሳቅ ተሰማ።

አቶ ኮኖን ለመጠየቅ ሆስፒታል ሄደች። ሽማግሌው አልተቆጧትም፤ "ልጄ፣ አጥንት ነው፣ ይጠግናል" አሏት። ይህ ደግሞ ባሰባት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም ብላ ለራሷ ማለች።

መስከረም ላይ ከደቡብ ትልቅ አውሎ ነፋስ መጣ። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር፤ ሰማዩ ግን የድስት ቂጥ መስሏል። ስልኳ ጮኸ።

"ቺዙ፣ ሽቦው ተበጠሰ" አላት ኩዋና። ድምፁ ውስጥ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። "ሂሳማትሱ ስልክ አያነሳም። ልሄድ ነው። ነይ አልልሽም።"

ቺዙ አልሄድም ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን "በሩ ላይ ጠብቀኝ" የሚል ነበር።

መንገዱ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ወንዝ ነው። ወንዙ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ግንድ ከነሥሩ ይዞ ይጋልባል። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ የመኪናውን ጣሪያ መታው። ቺዙ ጉልበቶቿን አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ዓይንሽን ክፈቺ፣ መንገዱን አብረን እንይ" አላት።

"ከከፈትኩ እጮኻለሁ።"

"እየጮኽሽ እይልኝ።"

ከፈተች። እውነትም ጮኸች፤ መንገዱ መሃል የወደቀ ቅርንጫፍ ነበር። በጎን አለፉት።

በመቅደሱ አዳራሽ ውስጥ የመንደሩ ሰው እንዳለ ተሰብስቧል። ሬዲዮ ተከፍቷል፤ የተጠቀለለ ሩዝ ይታደላል፤ የአቶ ኮኖ እግር ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ኩዋና ውሃ እያንጠባጠበ ገብቶ፣ ሽቦው ይህን ያህል ተስቦ ተበጠሰ፣ አፈሩ ይህን ያህል ውሃ ጠጥቷል እያለ መናገር ጀመረ። ሰዎቹ እንደ ሬዲዮው ሰሙት።

አቶ ሂሳማትሱ ተነሡ። "ባለፈው የኮኖን እግር ሰበራችሁ። ዛሬ ተራው የማን ነው?"

"አቶ ሂሳማትሱ፣ ጊዜ የለንም!"

"ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያሻግረው ድልድይ በጎርፍ ሊወሰድ ይችላል፣ ታውቃለህ? እዚያ ላይ ሳለን ቢወሰድስ? ይሄ ቤት ስንት ዝናብ አሳልፏል!"

ኩዋና ወደ ቺዙ ዞረ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ልትናገር ሞከረች፤ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። ከበሩ አጠገብ፣ እማማ ቶሜ ከተቀመጡበት ጎን፣ ዘፍ አለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ከእግሯ ሥር ወለሉ የሚሳብ ይመስላታል፤ እውነት ይሁን ፍርሃቷ አታውቅም።

እማማ ቶሜ እጇን ያዙት። "ምነው ልጄ? በረዶ ሆንሽ እኮ።"

"ፈራሁ፣ እማማ ቶሜ። በጣም ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። እናንተን ማውጣቱንም ፈራሁ፣ መተዉንም ፈራሁ። ተሳስቼ ከሆነስ እያልኩ ነው። ግን እዚህ... እዚህ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም። በእናትዎ እንውጣ።"

አሮጊቷ እጇን እንደያዙ የሚንቀጠቀጡትን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ በጨለማ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው።

"እናቴም እንዲህ ነበረች" አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። "ያን ቀን ስታቅፈኝ እጇ እንዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሃትሱ ሳቀችባት። ‘እማዬ፣ ለዝናብ ነው እንዲህ የምትሆኚው!’ አለቻት።" ቀና ብለው አቶ ሂሳማትሱን አዩ። "ሰማህ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያዳነኝ መቅደሱ ነው ስል ኖርኩ። ያዳነኝ የእናቴ ፍርሃት ነው። ይቺን ልጅ እዩዋት። ጫማዬን አቀብሉኝ።"

"እማማ፣ ይረጋጉ እንጂ—"

"አንተ ተረጋጋ! ተረጋግተህ ቅር! እኔ ሁለተኛ ሃትሱን አልቀብርም።"

ከዚያ በኋላ ያለው ግርግር ነበር። ማን ጫማ እንዳደረገ፣ ማን በባዶ እግሩ እንደወጣ ያየ የለም። ኩዋና አቶ ኮኖን ጀርባው ላይ አዘለ። መኪኖቹ ተከታትለው ወረዱ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ውሃው ጠርዙን ይልሰው ነበር፤ ቺዙ የእማማ ቶሜን ትከሻ አቅፋ እስኪሻገሩ ድረስ ትንፋሿን ዋጠች። ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብተው ሰው ሲቆጥሩ አቶ ሂሳማትሱ የሉም። በሩን ቆልፌ እመጣለሁ ብለው ነበር ወደ ኋላ የቀሩት።

ኩዋና የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። ቺዙ ክንዱን ያዘችው። ያን ጊዜ ሽታው መጣ፤ ለዘመናት ፀሐይ ያላየ፣ እርጥብ፣ መራራ የአፈር ሽታ። ቀጥሎ ዛፎች እንደ ችቦ እንጨት ሲሰበሩ ተሰማ፤ ከዚያም ከመሬት በታች የሚመጣ፣ በጆሮ ሳይሆን በሆድ የሚሰማ ጉርምርምታ። ማዶ ያለው ተዳፋት ዝግባዎቹን ቀጥ አድርጎ እንዳቆማቸው ወረደ። ለጥቂት ጊዜ ጫካው በእግሩ የሚሄድ ይመስል ነበር። ከዚያ ሁሉም ነገር ተገለበጠ።

ማንም አልጮኸም። አቶ ኮኖ ብቻ "ሂሳማትሱ፣ ሂሳማትሱ" እያሉ እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር። ቺዙ ሣሩ ላይ ተንበርክካ፣ ከአፏ የሚወጣውን ድምፅ በሁለት እጇ ያዘችው። አንድ ሰው። ለበር ቁልፍ አንድ ሰው።

አቶ ሂሳማትሱ ግን በእግራቸው መጡ። መኪናቸው የለም፣ አንድ ጫማቸው የለም፣ ፊታቸው በጭቃ ተለስኗል። ድልድዩን ሲሻገሩ ጭነት እንደተሸከመ ሰው ይንገዳገዱ ነበር። ግቢው በር ላይ ደርሰው ቁጭ አሉና ትኩር ብለው መሬት አዩ።

"መቅደሱስ?" አላቸው አንድ ሰው።

"ሄደ።"

"የት ሄደ?"

"ሄደ አልኩህ!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ካጌኖ ከዚያ በኋላ ሰው አልገባባትም። ነዋሪዎቿ ከታች ባለው ከተማ የመንግሥት ፎቅ ውስጥ ክፍል ተሰጣቸው። አቶ ኮኖ እግራቸው ድኖ ሳለ በጥር ወር ሞቱ፤ ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ፤ የመንደሩ ሰው ግን ናፍቆት ነው አለ። አቶ ሂሳማትሱ ቺዙን ይቅርታ አልጠየቋትም፤ በየመከሩ ዩዙ የሚባለውን ሎሚ አንድ ከረጢት ከበሯ ላይ አስቀምጠው ሳያንኳኩ ይሄዳሉ። ኩዋናና እሷ አንድ ላይ አንድ ጥናት ጻፉ፤ ግማሹ ስለ አፈር፣ ግማሹ ስለ ሃትሱ። አዳራሹ ውስጥ ሲያቀርቡት እንደ ወትሮው ምሳውን የበላ አልነበረም። የእንቁራሪቱ መምህር እጁን አውጥቶ የጠየቃቸው ጥያቄ ግራ አጋባቸው፤ "ቀጥሎ የትኛው መንደር ነው?"

ቀጥሎ ብዙ ነበር። በደሴቲቱ ተራሮች ውስጥ ኩዋና ሽቦ የወጠረባቸው ተዳፋቶች ከመንደሮቹ ጣሪያ ይበዛሉ። ቺዙ በየመንደሩ እየገባች ትጠይቃለች፤ ትሰማለች፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ያን ቀን ፍርሃቷ የለቀቃት ይመስለዋል። አልለቀቃትም፤ ብሶባታል። አሁን የምታውቀው ብዙ ነውና።

ዝናብ ሲጥል ስልኳ ይጮኻል። እማማ ቶሜ ናቸው፤ ከአምስተኛው ፎቅ።

"ይጥላል አይደል እናንተም ጋ?"

"ይጥላል፣ እማማ።"

"ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"እኔም። እዚህ ውሃው ሲወርድ እንኳ አይሰማም፤ የወፍ ቤት ውስጥ አስገብታችሁኝ። በይ አትዝጊው፣ እስኪያባራ እናውራ።"

ቺዙም መብራቱን ሁሉ አብርታ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣብቃ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ትቀመጣለች።