አስፈሪ ልብ ወለድ በሸማኔ ጆሮ

አንድ መጽሐፍ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚነግረኝ የሽመና ድምፅ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ አጎቴ የሽመና ቤት ውስጥ፣ የነጠላ ጫፍ እየቋጨሁ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሁለት ሸማኔዎች እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ይሠራሉ። ታሪኩ ደካማ ከሆነ ማጉን የሚመታው እንጨት ቋ፣ ቋ እያለ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ታሪኩ ከያዛቸው ድምፁ ይዘገያል። በጣም ከያዛቸው ጭራሽ ይቆማል። ከዚህ የተሻለ ሐያሲ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው የአጎቴ ሬዲዮ ሲበላሽ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ቁጭ ብሎ ክር መቋጨት ደግሞ ለእኔ ዓይነቷ ቅጣት ነው። አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ ከተቀመጥኩ እግሬ ሳይሆን ጭንቅላቴ ይደነዝዛል። እጄ ግን ሥራውን ከለመደ ቆይቷል። ስለዚህ መጽሐፉን ፊቴ ባለው ዱካ ላይ ዘርግቼ፣ ገጹን በሁለት መወርወሪያ አስይዤ፣ ጣቴ ይቋጫል፣ አፌ ያነባል። መጽሐፎቹን የምከራየው ታክሲ ተራው አጠገብ ከሚያከራይ ሰውዬ ነው። አስፈሪ እና የግድያ መጽሐፍ እንደምወድ ስለሚያውቅ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ከሥር መጎልጎል ይጀምራል።

ዘንድሮ ካነበብኳቸው የመጀመሪያው ትርጉም ነበር። አንድ የባሕር ማዶ ቤተሰብ ጫካ መሀል ያለ ትልቅ ቤት ይገባል፤ ከኮርኒሱ በላይ የሚራመድ ነገር አለ። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ እርምጃውን ይሰማሉ፣ አይወጡም። እኔ ያደግኩት ስምንት አባወራ በአንድ ቧንቧ በሚቀዳበት ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ መንፈስ ቢመጣ መቆሚያ አያገኝም፤ ቢያገኝም "የማን ልጅ ነህ?" ብለው ይይዙታል። ጣሪያ ላይ የሚራመድ ነገር ድመት ነው።

"ለምን ጥለው አይሄዱም?" አልኩ ንባቤን አቁሜ።

"የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፍለው ይሆናላ" አለ ወጣቱ ሸማኔ። እኩያዬ ነው፤ አግብቶ የወለደ፣ ግን ነገር ሳይመልስ የማያሳልፍ።

ትልቁን ሸማኔ አባባ ነው የምንላቸው። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠዋል። "እስካሁን ቄስ አልጠሩም እንዴ?" አሉ።

"አልጠሩም፣ አባባ።"

"እንግዲያው የራሳቸው ጉዳይ።" እንጨታቸው ለአፍታም አልቆመም።

ሁለተኛው እዚሁ አዲስ አበባ የሚፈጸም የግድያ ታሪክ ነው። መርማሪው ከፒያሳ ተነስቶ በአምስት ደቂቃ ቦሌ ይደርሳል፣ ያውም በሥራ መውጫ ሰዓት። ሰይጣን አለ በሉኝ፣ አምናለሁ፤ ይህንን ግን አላምንም። ደግሞ ቆንጆ የተባለች ሴት ሁሉ በሃያ ገጽ ውስጥ ትሞታለች። መልኳ መካከለኛ የሆነች አንዲትም አትሞትም።

"አንቺ ትተርፊያለሻ" አለ ወጣቱ። የክር ጥቅል ወረወርኩበት።

ሦስተኛው ቀጭን ነበር፤ ሽፋኑም ስለተገነጠለ ማን እንደጻፈው አላውቅም። አንዲት ሴት ከሥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎረቤቶቿ ሁሉ በሌላ ስም ይጠሯታል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። የሚጠሯት በፍቅር ነው፣ በደህና ሰላምታ። ታርማቸዋለች፣ ይስቃሉ። ሳምንት ሳይሞላ አንዷ በዚያ ስም ስትጠራት ሳታስበው "አቤት" ትላለች። እዚያች "አቤት" ላይ ስደርስ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሁለቱም እጃቸውን አንስተው ያዩኛል። ደም የለ፣ ቢላ የለ። ከዚያ ወዲህ ደሙን በባልዲ የሚደፋ ደራሲ ሳገኝ ማስፈራት አቅቶት ነው እላለሁ።

አራተኛው ነው ጣጣ ያመጣብን።

አንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ገደል አፋፍ ላይ መንገድ ተንዶበት ይቆማል። ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አይቻልም፤ በየምዕራፉ አንድ ተሳፋሪ ሞቶ ይገኛል። አጻጻፉ ይፈጥናል፣ መቼም አይካድም። በዚያው ሳምንት አባባ የሙሽራ ቀሚስ ጥለት እየሠሩ ነበር፤ በአረንጓዴና በወርቃማ ክር መስቀል ከመስቀል ተያይዞ የሚወርድ። ሰርጉ እሑድ ነው። ሸማው ሐሙስ ማታ ሰፊዋ ዘንድ ካልደረሰ ሙሽራዋ ቀሚስ የላትም።

ጥለት የሌለው ነጭ ሲሠራ እጅ ብቻውን ይሄዳል። ጥለት እንደዚያ አይደለም፤ ክሩ አንድ በአንድ በጣት እየተቆጠረ ይነሳል። ይህንን አውቃለሁ። አውቄም ማክሰኞ ዕለት፣ አባባ እየቆጠሩ ሳለ፣ የአውቶቡሱ የዕቃ ማስቀመጫ ተከፍቶ ረዳቱ እዚያ ውስጥ ተጣጥፎ የተገኘበትን ገጽ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩ። ዝቅ ሲል የበለጠ እንደሚያስፈራ ስለማውቅ ነው። እንጨታቸው ለጥቂት ቆመና ቀጠለ። እኔማ በሆዴ ኮራሁ።

ረቡዕ ጠዋት አጎቴ ሊለካ መጣ። ጎንበስ ብሎ ከዳር ጀምሮ ለካው። ከዚያ ጣቱን ጥለቱ ላይ አደረገ። ስንዝር በሚያህል ቦታ ላይ የተሠሩት መስቀሎች ሁሉ ቀኝ ክንፋቸው የለም።

አባባ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩት። በሥራ ዘመናቸው ሙሉ ስህተታቸውን ሌላ ሰው አግኝቶባቸው አያውቅም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ማጉን በመርፌ እያነሱ መተርተር ጀመሩ።

"ያንን መጽሐፍ አምጪ" አለኝ አጎቴ።

"ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም።"

"የአንቺ ነዋ። መጽሐፉን አምጪ።" መቀስ የሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። "ይህ ሸማ ካልደረሰ ንባብ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አልሰማም።"

መተርተሩ ረቡዕን በላው። ሐሙስ ጠዋት መሥራት ሲጀምሩ የአባባ እንጨት ሁለት ጊዜ መትቶ ይቆማል፣ ሦስት ጊዜ መትቶ ይቆማል። ፈርተው እንደገና እየቆጠሩ መስሎኝ ነበር።

"ልጄ" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ረዳቱን ማነው የገደለው?"

እኔ ግን ማክሰኞ ማታ መጽሐፉን ቤት ወስጄ ጨርሼዋለሁ። አላስችል ይለኛል። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩና መለስኩት፤ መጨረሻው ያናድዳል። ተናደው ሌላ መስቀል ቢያጎድሉስ?

"መጨረሻው አይረባም፣ አባባ" አልኩ። "እውነቴን ነው። ይተዉት፣ ለእሱ ብለው አይጨነቁ።"

"አይረባም ማለት?"

"ማለቴ... ደራሲው አላወቀበትም። እርስዎ ቢጨርሱት ይሻላል።"

እንደማጽናኛ ብዬ ያልኩትን አባባ ሥራ አደረጉት። እንጨታቸው ተንቀሳቀሰ። ቋ፣ ቋ። "እንቁላል የያዘችዋ ሴትዮ ናት" አሉ።

"የቷ እንቁላል?" አለ ወጣቱ።

"በቅርጫት እንቁላል ይዛ የተሳፈረችው። አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ የሰው ጥርስ ወልቋል፣ ጣሳ ተገልብጧል። እሷ በማግስቱ እንቁላል ቀቅላ ለሰው አደለች። እንዴት አልተሰበረባትም? እንደሚቆም አውቃ ቀድማ ታቅፋዋለች።"

እኔ ያንን ገጽ ጮክ ብዬ አንብቤ አልፌዋለሁ። ቤትም ደግሜዋለሁ። እንቁላሉን ልብ አላልኩትም።

"ምን አድርጓት ገደለችው ታዲያ?" አለ ወጣቱ፣ እሱም ሳይታወቀው እየፈጠነ።

"ቆይ፣ እሱን እያሰብኩ ነው።"

እያሰቡ ሠሩ። ቀን ሙሉ የሴትየዋን በደል ክር በክር አወጡት፤ መሬቷን፣ የሞተ ባሏን፣ ረዳቱ በሐሰት የመሰከረባትን። አንድ መስቀል ሲያልቅ አንድ ምክንያት ይጨምራሉ። ወጣቱ ይሞግታል፣ ይመልሱለታል። ድምፁ አንድም ጊዜ አልተዛነፈም። አጎቴ በየሰዓቱ እየመጣ ጥለቱን ይቆጥራል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ መቁጠሩን ትቶ በሩ ላይ ተደግፎ ማዳመጥ ጀመረ። "ረዳቱ ሹፌሩን ቢያስጠነቅቀውስ?" ብሎ አባባን ጠየቃቸው።

"አንተ ሂድና ሰፊዋን እንዳትዘጋ ንገራት" አሉት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሸማው ወረደ። አጎቴ በእጁ ታቅፎ ወስዶት ሲመለስ ቀጥ ብሎ ወደ መሳቢያው ሄዶ መጽሐፉን አወጣና ዱካው ላይ አስቀመጠልኝ።

"በይ፣ አሁን አንብቢው።"

የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። ገዳዩ ከዚያ በፊት በአንድም ገጽ ስሙ ያልተነሳ፣ ገደሉ ሥር ዋሻ ውስጥ ይኖር የነበረ ሽፍታ ነው። 

"እንቁላሉስ?" አሉ አባባ።

"እንቁላሉን አያነሳውም።"

"ረስቶታል ማለት ነዋ።" ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ አንድ ተማሪ አበላሽቶ እንዳሳያቸው። "እኔስ ረሳሁ፣ ተረተርኩት። እሱ አሳተመው።"

ቅዳሜ የሙሽራዋ እናት ሰፊዋ ሰፍታ የላከችልንን ቀሚስ ለመውሰድ መጡ። እንዲህ ያሉትን እናቶች አውቃለሁ፤ ፊቱን አያዩም፣ ገልብጠው ጀርባውን ነው የሚያዩት። ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከትለው ወረዱ። የተተረተረው ቦታ ላይ ሲደርሱ እኔና ወጣቱ ወደ ኮርኒሱ ቀና አልን። ጣታቸው ሳይቆም አለፈ።

"የማን እጅ ነው?" አሉ።

አጎቴ አባባን አሳያቸው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው "እጅዎን ይባርከው፤ ለታናሽ እህቷም እርስዎ ነዎት የሚሠሩልኝ" አሏቸው። አባባ እንዳልሰማ ሰው ክር ማጠንጠን ቀጠሉ፤ ጆሯቸው ግን ቀላ።

ሴትዮዋ ሲሄዱ አጎቴ ሕግ አወጣ። ንባቡ ይቀጥላል። ጥለት ሲሠራ ግን ሰው አይሞትም፤ ጥለት ላይ የሚነበበው የአየር ጠባይ፣ የገጠር ገለጻ፣ ቢበዛ ፍቅር ነው። ግድያ የሚፈቀደው ነጩ ላይ ብቻ።

"የፍቅሩን ክፍል ማን ይሰማዋል?" አለ ወጣቱ።

"አትሰማዋ፣ ሥራ።"

ሰኞ ጠዋት መጽሐፍ አከራዩ ዘንድ ሄድኩ። የአውቶቡሱን መለስኩለትና እንዴት ነበር ሲለኝ ሦስት መቶ ገጽ ሮጦ በሩ ላይ የወደቀ ነው አልኩት። ከሥር ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሬሳ ነው፤ ሌላው ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው አለኝ።

አጎቴ በዚህ ሳምንት የተቀበለው ትዕዛዝ ስድስት ጋቢ ነው፤ ጋቢ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ሬሳ ያለበትን ወሰድኩ።