ጋሽ ቲኬትና የማይደርቁት ሳህኖች

ጋሽ ቲኬት ዕድሜያቸውን የፈጁት አውቶቡስ ላይ ነው፤ ሹፌር ሆነው ግን አይደለም። ተቆጣጣሪ ነበሩ። ተሳፋሪው ተረጋግቶ ሲያንቀላፋ ድንገት መሀል ፌርማታ ላይ ዘለው ይገቡና «ቲኬት!» ይላሉ። ያን ድምፅ ሰምቶ፣ ቲኬቱን በእጁ ይዞም ቢሆን ያልደነገጠ ሰው የለም። እንዲያውም አንድ ቀን ሹፌሩ ራሱ ደንግጦ ኪሱን መዳበስ ሲጀምር አውቶቡሱ አበባ ሻጭ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወጥቷል። ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እኛ ካፌ ውስጥ ሞልተዋል፤ ያላዩትማ አሳምረው ያወሩታል።

ጡረታ ሲወጡ ኮፍያቸውን ለመሥሪያ ቤቱ መለሱ። ልማዱን የሚረከብ ክፍል ግን ስላልተገኘ ይዘውት ቤት ገቡ። የተዘጋ ነገር ካዩ ሳይከፍቱ አያልፉም። ፍሪጁን ድንገት ብርግድ ያደርጉታል፤ ሲዘጋ መብራቱ በእርግጥ ይጠፋ እንደሆነ ለመያዝ። ሁልጊዜ በርቶ ስለሚያገኙት እስከ ዛሬ በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ባለቤታቸው ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰፈሩ እትዬ መርፌ ይላቸዋል። እትዬ መርፌ ሩዝ ሲጥዱ ባላቸውን ሱቅ መላክ ከለመዱ ቆይተዋል። ጋሽ ቲኬት ባሉበት ቤት ሩዝ በስሎ አያውቅማ! ክዳኑ በየደቂቃው እየተነሳ እንፋሎቱን የሚበላው ጣሪያው ነው።

በዚህ መሀል የእትዬ መርፌ እጅ ታመመ። ውኃና ሳሙና አልስማማ ብሎት ቆዳው እንደ አሮጌ ግድግዳ ተሰነጣጠቀ። ጣታቸው ስላበጠ የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ከሲንኩ በላይ ካለች ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ሐኪሙ «እናቴ፣ ከዕቃ ማጠብ ይራቁ፤ አለዚያ መርፌም መያዝ ያቅትዎታል» አላቸው። መርፌ የማይዙ እትዬ መርፌ ደግሞ ምን ሊባሉ ነው?

ጋሽ ቲኬት ትንሽ ሰሞን ዕቃ አጠቡ። በቤቱ ውስጥ እጀታ ያለው ስኒ ከጠፋ በኋላ ልጃቸው ከባሏ ጋር መክራ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዝታ ላከች። ማሽኑ የሚቆምበት ቦታ ስላልነበረ የእትዬ መርፌ የስፌት መኪና ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ጨለማ ጓዳ ገባ። «ለእጄ ስል ታገሥኩት» አሉ እሳቸው።

ማሽኑ ያጥባል፤ ምን አለፋችሁ፣ የሳህኑን አበባ ሳይቀር ሊያጥብ ምንም አልቀረው። አያደርቅም እንጂ! በሩ ሲከፈት ብርጭቆው ያለቅሳል፣ ሹካው ያልበዋል፣ የተደፋው ስኒ መቀመጫው ላይ ኩሬ ሠርቶ ይጠብቃል። እትዬ መርፌ ጨርቅ ይዘው ሲጠርጉ ይውላሉ፣ ጨርቁ ይረጥባል፣ እጃቸው እንደገና ይሰነጠቃል።

«ምን ተረፈኝ?» አሉ። «ከሳሙና ወጥቼ ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ተጣበቅሁ! የስፌት መኪናዬም ከብርሃን ተሰደደ።»

ይህን የሰማች ታናሽ እህታቸው ጊዜ አላጠፋችም። «ለእኔ ስጪኝ፤ እሑድ ፒካፕ ይዤ እመጣለሁ» አለች። እትዬ መርፌ ባላቸውን አዩ። «እስከ እሑድ ካስተካከልከው ይቆያል። ካላስተካከልከው ግን ይሄዳል፤ እኔም እጄ እስኪቆረጥ አጥባለሁ።»

ጋሽ ቲኬት ካፌ መጥተው ችግሩን ለጉባኤው አቀረቡ። እኛ ካፌ ውስጥ ደግሞ የማናውቀው ነገር ሲመጣ ነው ሐሳብ የሚሞላን። አንዱ ሶኬቱን ገልብጥ አለ፣ ሌላው ማሽኑን ወደ ፀሐይ አዙረው አለ። ፀጉር አስተካካዩ ግን እንደ ባለሙያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ፀጉርም እንደዚሁ ነው። በፎን ካልተነፋ አይደርቅም።»

«እና ሳህኑን ፎን ላድርገው?»

«እኔ ሥራዬን ነው የነገርኩዎት» ብሎ አንድ አሮጌ ፎን አዋሳቸው። ያን ቀን ጋሽ ቲኬት ሹካዎቹን አንድ በአንድ ሲነፉ ዋሉ፤ የቤቱ መብራት ጠፋ፣ የጎረቤቱም ጠፋ። ሹካዎቹ እንደረጠቡ ቀሩ።

በማግስቱ የጥገና ባለሙያ ተጠራ። ወጣት ነው፤ የመሣሪያ ሳጥኑ ከእሱ ይከብዳል። ጎንበስ ብሎ ማሞቂያውን መረመረ፣ ማጣሪያውን አወጣ፣ መለሰ።

«አባቴ፣ ማሽኑ ደህና ነው። የማለቅለቂያ ፈሳሽ ብቻ ነው የጎደለው። ዕቃው ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳል።»

ጋሽ ቲኬት ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። «ፈሳሽ ጨምረህ ፈሳሽ ልታደርቅ? ይኼማ ቲኬት ያልቆረጠውን ሰውዬ ቲኬት ቆራጭ ማድረግ ነው!»

«ሌላም ነገር አለ» አሉ እትዬ መርፌ ከጓዳ። «መጨረሻው ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል። ዝም ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል።»

ባለሙያው ግራ ገባው። እንዲህ ያለ በሽታ ሰምቶ አያውቅም። ፈሳሹን ሞልቶ ማሽኑን አስነሳና ሌላ ደንበኛ ስለደወለለት በረንዳ ወጣ።

አሁን እትዬ መርፌ የማያውቁትን እኔ ልንገራችሁ። ማሽኑ አጥቦ ሲያበቃ ሙቀቱን አፍኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚቆይበት ሰዓት አለ። ጋሽ ቲኬት የማይችሉት ይህን ሰዓት ነው። በሩ ተዘግቷል፤ ውስጡ ምን እየተሠራ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በካልሲ ብቻ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጡና በሩን ገርበብ ያደርጉታል። እንፋሎቱ መነጽራቸውን ይሸፍነዋል። «አልደረቀም» ይላሉ ለራሳቸው፤ ይዘጋሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይመለሳሉ። ድንገተኛ ቁጥጥር ማለት ተቆጣጣሪው መጥቶ ሄደ ሲባል ደግሞ መምጣት ነው። በድስት ክዳን ብዙ ስለተቆጧቸው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሚስታቸው ዘወር ሲሉ ጠብቀው ነበር።

ባለሙያው በረንዳ ላይ ሳለም ያንኑ አደረጉ፤ ማሽኑ እንግዳ ሲያይ ያፍር እንደሆነ ብለው። ወጣቱ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ሁሉም ነገር እንደረጠበ ነው። ራሱን አከከ።

«ጤነኛ ሆኖ የሚታመም ማሽን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ ሳጥኑን ተሸክሞ ወረደ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ወደ ኋላ ተመለከተ።

እሑድ ደረሰ። እትዬ መርፌ «የመጨረሻውን አጥቦ ይሂድ» አሉና ማሽኑን ሞልተው አስነሱት። እህትየው ገመድ ይዛ ወጣች። ጋሽ ቲኬት አንገታቸውን ደፍተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ፒካፑ ከታች ጥሩምባውን ነፋ።

ጋሽ ቲኬት በመስኮት አዩ። መኪናው ግማሽ ጎኑን እግረኛ መንገድ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ሐዘናቸውን እዚያው ወንበሩ ላይ ትተው ወደ ሹፌሩ ወረዱ።

«አንተ! ይኼ ማቆሚያ ነው? መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ! ጎማህስ፣ ይኼ ጎማ ነው መላጣ?»

«አባባ፣ እርስዎ ማነዎት?»

«እኔ ማን ነኝ? የኋላውን ክፈተው፣ ምን ጭነሃል?»

«ባዶ ነው፤ ልጭን ነው የመጣሁት!»

«ባዶ መሆኑን ሳላየው እንዴት አምናለሁ?»

ክርክሩ እየከረረ ሄደ፤ ሰፈሩ በየመስኮቱ ወጣ። ፎቅ ላይ ሁለቱ እህትማማቾች ወሬያቸውን ይዘዋል። ማሽኑ ሙቀቱን አፍኖ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሥራውን እስከ መጨረሻው ሠራና ጢጥ አለ። እትዬ መርፌ በሩን ከፍተው አንድ ብርጭቆ አወጡ። ጣታቸው ሲያሻሸው ብርጭቆው ጮኸ። ሳህኑም ደረቅ፣ ሹካውም ደረቅ፣ ስኒውም ደረቅ። አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ብቻ ውኃ አዝላለች።

«አሁን እኔ ስመጣ ነው የሚሠራው?» አለች እህትየው ገመዷን እየጠቀለለች። «እንዲህ ያለ ምቀኛ ማሽን!»

እትዬ መርፌ በመስኮት ወደ ታች አዩ፤ ባላቸው የፒካፑን ሞተር ክዳን አስከፍተው አንገታቸውን አስገብተዋል። ክዳን። ወዲያው ሩዙ ትዝ አላቸው።

«አንተ ሰውዬ! ና ውጣ!»

ጋሽ ቲኬት ወጡ። ሳህኑን ገለበጡ፣ ዳበሱ፣ አሸተቱ። «ማን ጠረገው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን አደረቀው?»

«አንተ ታች መሆንህ። እውነቱን ንገረኝ፣ በሩን ትከፍተዋለህ አይደል?»

«መክፈት እንኳ አይባልም። እንዲያው ገርበብ።»

«ገርበብ! ትንፋሹን የምትቆርጠው አንተ ነህ ለካ!»

«ደርቆ እንደሆነ ለማየት ነው እንጂ! ካላየሁት በምን አውቃለሁ?»

«የሚያደርቀው እኮ የታፈነው ሙቀት ነው። አንተ አስወጥተኸው መልሰህ አልደረቀም ትላለህ። እንደ ሩዙ!»

«ሩዙ ደግሞ ምን አደረገ?» አሉ ጋሽ ቲኬት፤ ከልባቸው ግራ ተጋብተው።

እህትየው ሳቋ እስኪያንቃት ሳቀች። በባዶ እጄ አልመለስም ብላ የፕላስቲክ ኩባያዋን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲነሳ ጋሽ ቲኬት ወደ እኛ ይሰደዳሉ። ፊታቸውን ወደ ቤታቸው አዙረው ይቀመጣሉ፤ ሻያቸው ይቀዘቅዛል።

«ማንም ሳያየው እንዴት ነው የሚሠራው?» ይሉናል። «እኔ ባልቆጣጠር ኖሮ በዚያ አውቶቡስ ማን ይከፍል ነበር?»

«ምናልባት ሁሉም ጋሼ» አለ አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ። ጋሽ ቲኬት ክፉ አነጋገር እንደሰማ ሰው አዩትና ተነስተው ወጡ።

ማሽኑ ገና ሳይጨርስ ቤት ደረሱ። እትዬ መርፌ ከጓዳ ወጥቶ በሩ አጠገብ ብርሃን ባገኘው የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። የጋሽ ቲኬት ዓይን ሚስማሯ ላይ አረፈ። ባዶ ናት።

«ቀለበትሽ!» ብለው መሳቢያውን ከፈቱ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፣ ድስቱን ከፈቱ። በመጨረሻ ወደ ማሽኑ ዞሩ። «ውስጥ ገብቶ እየታጠበ ይሆን እንዴ?»

እጃቸው የማሽኑ በር ላይ ሊያርፍ ሲል እትዬ መርፌ ደርሰው ያዙት። ጋሽ ቲኬት የያዛቸውን እጅ ቁልቁል ተመለከቱ። ቆዳው ድኗል፤ ቀለበቱም ጣቱ ላይ ነው።

«መቼ አጠለቅሽው?»

«አንተ ሳታየኝ» አሉ እትዬ መርፌ።