ሰባት ወንበርና የእትዬ ዘነበች ስለት

ፀሐይ ያጋለው የመኪና ወንበር ሽታ፣ በተለይ ቤንዚን ሲቀላቀልበት፣ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ መስኮት እከፍታለሁ። አብሮኝ የተሳፈረ ሰው መኪና የማይስማማኝ ይመስለውና ሎሚ ያቀብለኛል፤ እኔም አመስግኜ እቀበላለሁ።

ነገሩ የተነሣው በክረምት ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ምጥ ይዟት፣ ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ ቀርቶ፣ በአህያ ጋሪ ተጭና ጤና ጣቢያ ስትደርስ ነፍሷ ልትወጣ ትንሽ ነበር የቀራት። ከጋሪው ኋላ እያነከሰች የተከተለችው እትዬ ዘነበች ነበረች፤ የእናቴ ታላቅ እህት፣ በልጅነቷ ታማ አንድ እግሯ የሰለለ፣ ሳታገባ እኛው ቤት የኖረች፣ አራታችንንም አዝላ ያሳደገችን። ያን ዕለት፣ ከደብረ ሲና በላይ ላለችው ማርያም «ለእህቴ ቤት መኪና ስጪልኝ፣ እኔም ጥላ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ከዚያም በየዓመቱ ሽንኩርት በሚለቀምበት ወቅት በቀን ሥራ እየገባች፣ ባለ ወርቅ ዘርፉን ጥላ መኪናው ሳይመጣ አስቀድማ ገዝታ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው።

አባቴ እኛ በምንኖርበት ቆላ፣ ሮቢት፣ የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ ነበር፤ ቀልድ ይችል ነበር፣ ቀልዱ ግን መልስ የማይሰጥ ሰው እየመረጠ ነበር የሚያርፈው። እኔ ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በኅዳር፣ ደብረ ሲና የሚሸጥ መኪና መኖሩን ሰማ፦ ያገለገለች፣ ነጭ፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ ከኋላ ተጨማሪ ሁለት ወንበር ኖሯት ሰባት ሰው የምትይዝ የቤተሰብ መኪና። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ «የደጋ በቅሎ ቆላ ወርዳ አትከርምም፤ እዚህ አስወርደህ ሞክራት» ቢሉት፣ «አባባ፣ ብርድ ላይ የኖረ ሞተር እኮ እንደ ሥጋ ነው፣ አይበላሽም» ብሎ ሳቀባቸው። እኛ ቆለኞች ሙቀቱ ስላንገበገበን ብርድ የነካውን ሁሉ እንደ አዲስ እናየው ነበር፤ አባቴም የደብረ ሲናን ጉም እንደ ዋስትና ቆጠረው።

መኪና የሚፈትነው ደግሞ ሰው አስቀምጦበት ነበርና ቤተሰቡ በሙሉ በሚኒባስ ተሳፍረን ወጣን። እትዬ ዘነበችም ስለቷ የሠመረበትን በዓይኗ ልታይ፣ ወንድሜን አዝላ መጣች። በሻጩ ግቢ አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋ፣ ጎማውን ረገጠ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አስገባን፤ እሱ መሪው ጋ፣ አያቴ ጎኑ፣ እናቴና ሁለቱ እህቶቼ መካከለኛው ወንበር ላይ፣ እኔ ከኋላ። እትዬ ዘነበች ወንድሜን ከጀርባዋ አውርዳ አጠገቤ አስቀመጠችውና ቆመች። «ልክክ ብለናል!» አለ አባቴ።

ሻጩ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ ወደ እሷ አይተው «እኚህስ እህት?» አሉት።

«እሷማ ቤቱ አለላት። ሁላችንም ከወጣን በሩን ማን ይጠብቃል?»

ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፣ ምክንያቱም ከኋላ መስኮት የተቀመጥኩ ባለ ወንበር ነበርኩ። እኛ በአዲሷ መኪናችን ቁልቁል ስንወርድ፣ እትዬ ዘነበች ብቻዋን ሚኒባስ ልትጠብቅ ቀረች።

በጥር፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ ስለቱ የሚገባበት ቀን ደረሰ። አያቴ ወባ ጥሏቸው ስለነበር የእሳቸው ወንበር ባዶ ሆነና፣ እትዬ ዘነበችን ገና ጎህ ሲቀድ ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጥላዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። አባቴ ጥላውን ከእጇ ተቀብሎ፣ የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝቶ አጋደመው። «ዘርፉ እንዳይጨማደድ ነው፤ ደግሞ አባባን ማን ያይልኛል?» አላት።

«ጎረቤት ያዩአቸዋል፤ ለምኛቸዋለሁ» አለች። «እኔ ኋላ ገብቼ ብርቄን ጭኔ ላይ አደርጋታለሁ። ስለቱ የኔ ነው ጋሼ፣ እባክዎ።»

ብርቄ የምትለው እኔን ነውና አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔም፣ ለመንደሩ ራሴን የማሳይበትን መስኮት ላለማጣት፣ «እሷ ጭን ላይ አልቀመጥም፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች» አልኩ።

«ሰማሽ? ልጅ አይዋሽም» አላት አባቴ እየሳቀ፣ ሞተሩንም አስነሣ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቄሱ የባለ ስለቱን ስም ሲጠይቁ አባቴ የራሱን ስም ተናገረ፤ ሕዝቡም እልል አለለት። ማታ ስንመለስ እትዬ ዘነበች በሩን ከፈተችልንና እኔን ለብቻዬ ጠርታ «በማን ስም ገባ?» አለችኝ። «በአባዬ» አልኳት። የአያቴን ሾርባ ልታሞቅ ገባች።

ግንቦት ሲገባ የሮቢት ሙቀት የአያቴን ቃል እውነት አደረገው፤ መኪናዋ በየጥቂት መንገዱ እየፈላች፣ ኋላም ሞተሯ ተቃጥሎ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ቀረች። አባቴ በብርዱ የተማመንኩት እኔ ነኝ ከማለት ይልቅ «የገደ ቢስ ስለት ምን ይሠምራል» ይል ነበር፣ እሷ እየሰማች። ክረምቱ ሳይወጣ እትዬ ዘነበች ልብሷን በፌስታል ቋጥራ መንገድ ዳር ወዳለችው ከተማ፣ ጀውሃ፣ ሄደች፤ እዚያ ምግብ ቤት ተቀጥራ፣ በኋላም የራሷን ትንሽ ቤት ከፍታ ለሾፌሮች ታበስል ጀመር። አባቴ አንድ ቀን ሄዶ ይቅርታ ሳይጠይቃት ሞተ፤ እሷ ግን ለቅሶው መጥታ ሦስት ቀን ስታስተናግድ ሰነበተች።

ባለፈው ዓመት ጀውሃ ሄጄ «እትዬ፣ መኪና ልከራይና ማርያም ልውሰድሽ፣ ሌላ ጥላ እገዛልሻለሁ» አልኳት። ሽሮ እያቀረበችልኝ፣ «ድሮ አስገባሁ እኮ፤ በሚኒባስ ሄጄ፣ ስሜን በአፌ ተናገርኩ» አለችኝ። እንጀራ ጨመረችልኝና ደግሞ፣ «አባትሽ እንደሚያስቀረኝ እያወቅሁ ነበር ያን ጠዋት ነጩን የለበስኩት። አንቺ እንደዚያ ትያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር፣ ልጄ» አለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወግቼም አልረሳሁም፣ እሷ የረሳች መስሎኝ ግን እነዚህን ሁሉ ዓመታት ተመችቶኝ ኖሬያለሁ። ያቀረበችልኝን ሽሮ አቀርቅሬ በላሁ።