የበሬ ልብ አጥንት

ፖሊሶች የያዙኝ ኮልፌ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ፤ በማግስቱ የአካል ጥናት ፈተና ነበረብኝ። አንድ እጄ የአውቶቡሱን በር እንደያዘ ሌላውን ወደ ኋላ ጠመዘዙት። በዚያው ሳምንት በተቃውሞ ሰልፍ ላይ የበተንኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። ስለ ወረቀቱ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ኪሴን ሲፈትሹ ያገኙት ለፈተናው ያዘጋጀሁትን የሰው ልብ ሥዕል ነው። በቀይና በሰማያዊ እርሳስ የሳልኩት ሲሆን፣ አራቱ ክፍሎች፣ በሮቹና የደም ሥሮቹ በቀስት ተጠቁመውበታል። በስምንት ቦታ ላይ የስያሜዎቹን የመጀመሪያ ፊደላት በእንግሊዝኛ ጽፌበት ነበር።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነበር፤ ከግድግዳው ስንጥቅ የጤፍ ብናኝ ይረግፋል። ዘጠኝ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንድ ጠና ያሉ ሰው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ኮልፌ ገበያ ሥጋ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። ሰልፉ ሲበተን የሚሮጡ ሁለት ተማሪዎችን ከተሰቀለው ሥጋ ጀርባ ደብቀው ተገኙ። እንደዚያ ሰፊ እጅ አይቼ አላውቅም።

"የምን ተማሪ ነህ?" አሉኝ።

"ሕክምና፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ ዶክተር አገኘን" አሉ፤ ከዚያ በኋላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ሴት ልጃቸው በመጪው እሁድ ታገባለች። የሰርጉን በሬ በገዛ እጃቸው መርጠው ገዝተዋል። እስከዚያ እንደሚፈቱ እርግጠኛ ነበሩ፤ ምክንያቱም አንድ ዘበኛ "ይፈታሉ" ብሏቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት የእስር ቤቱ አዛዥ የሆነው ሻምበል አስጠራኝ። ጫማው የሚያበራ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ሥዕሌ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"የማን ግቢ ነው?"

"ግቢ አይደለም። ልብ ነው።"

"ባለ አራት ክፍል ልብ!" ብሎ ሳቀ። በእስክሪብቶው ቀስቶቹን እየተከተለ "በዚህ ይገባሉ። ከዚህ ክፍል ወደዚያ ያልፋሉ። በሮቹ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈቱት። በዚህ ይወጣሉ። እነዚህ ፊደሎች ደግሞ ሰዎቻችሁ ናቸው፤ ስምንት ሰው" አለኝ።

ብፈራም፣ ይህ ሰውዬ ፈተናውን ያልፍ ነበር ማለቴ አልቀረም። የደሙን መንገድ አንድም ቦታ አልሳተም።

"እስከ ቅዳሜ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ አንድ ስም ትጽፋለህ። ካልሆነ ሌላ ቦታ እንወስድሃለን።"

ሌላ ቦታ ተወስዶ የተመለሰ አንድ ሰው ክፍላችን ውስጥ ነበር። ሽንት ቤት የምናደርሰው ሁለት ሆነን ደግፈነው ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ስምንቱን ስም መርጬ ነበር። ዓርብ ሲደርስ አንድም አልጎደለኝም። አንዱን የመረጥኩት የተማሪዎች ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ስለገፈተረኝ ነው። አንዷን የመረጥኳት ለደብዳቤዬ መልስ ስላልሰጠችኝ ነው። ሰው ሲፈራ ምን ያህል እንደሚያንስ ያወቅሁት ያን ሳምንት ነው፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነገሩን ለጋሼ ነገርኳቸው። ስለ መረጥኳቸው ስሞች ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰምተው ሲጨርሱ አገጫቸውን አሻሹ።

"ወረቀት አያምኑልህም" አሉ። "ነገ ለፖሊሶቹ በሬ ይታረዳል። ልቡን ያምጡና ከሥዕልህ ጋር አስተያይላቸው። አንድ ነገር ግን እወቅ፤ የበሬ ልብ ውስጥ አጥንት አለ።"

"ጋሼ፣ ልብ ጡንቻ ነው። አጥንት የለውም።"

"ያረጀ በሬ አለው። ትንሽዬ ናት፤ ትልቁ ደም ሥር ከሚነሳበት ሥር ነው የምትገኘው። ስንት ቢላ አዶልዱማብኛለች!"

"መጽሐፉ ላይ የለም።"

"መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ በሬ በልቶ ያውቃል?"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያመንኩት ግን መጽሐፉን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሻምበሉ ሐሳቤን ሲሰማ ወደ ወጥ ቤት ላከ። ልቡ በቆርቆሮ ሳህን መጣ፤ ገና ይሞቃል። "ካልገጠመ ስምንቱን ስም እዚሁ ትጽፋለህ" አለኝ፤ ተስማማሁ። ቢላ ሰጡኝ። የዘበኛው ጠመንጃ አፈሙዝ ጀርባዬን ነካ።

መጀመሪያ የላይኛውን ቀኝ ክፍል ከፈትኩ፤ ቀጥሎ የታችኛውን። ሻምበሉ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ ሳህኑን ያያል። በትልቁ ደም ሥር ውስጥ ውሃ አፈሰስኩ፤ ውሃው ወደ ታች ሳይወርድ እዚያው ቆመ።

"ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታል ያሉት በር ይኸውና" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ እንደተደነቀ ልጅ ፊት ሆነ። ያን ጊዜ የዳንኩ መሰለኝ።

"በሩን ራሱን ክፈተውና አሳየኝ" አለ።

ቢላውን ወደ ደም ሥሩ ግርጌ ሰደድኩት። ቀጭ አለ፤ ቢላው አልሄድ አለኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

በጣቴ ዳሰስኩት። ጋሼ ያሉት ቦታ ላይ፣ ጋሼ እንዳሉት አጥንት ነበር።

ሻምበሉ ሥዕሉን አነሳ። "እዚህ ላይ የታለ? አልገጠመም።" ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። የመጀመሪያው ስም ምላሴ ላይ ነበር።

በምትኩ "እዚያ ክፍል ውስጥ ሥጋ ቤት ያላቸው ሰው አሉ" አልኩ። "አጥንት እንዳለው ትናንት ነግረውኝ አላመንኳቸውም። እሳቸውን ይጠይቁ።"

ጋሼን አመጧቸው። ሻምበሉ ወንበር ሰጣቸው፤ "አንተ" ማለቱንም ተወ።

"ልጅዎ ነገ ታገባለች አሉ።"

"አዎ ጌታዬ።"

"ይህ ሥዕል ልብ እንዳልሆነ ይመስክሩና አሁኑኑ ቤትዎ ይግቡ። መኪና አዝዝልዎታለሁ።"

ጋሼ ወደ እኔ አልተመለከቱም። እንዲመለከቱኝም አልፈለግሁም፤ እሺ ቢሉ አልፈርድባቸውም ነበር። ከዚያ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ደህና አድርገው ጠረጉና ሥዕሉን በሁለት እጃቸው አነሱ። ከተከፈተው ልብ ጎን አስቀምጠው፣ ከክፍል ወደ ክፍል በጣታቸው ተከተሉት።

"ሻምበል፣ እኔ ማንበብ አልችልም" አሉ። "ሥጋ ግን አውቃለሁ። ይህ ልብ ነው።"

"አጥንቱስ?"

"አጥንቱ የበሬው ነው። ልጁ የሳለው የሰው ነው። ሰው እኔ አርጄ አላውቅም፤ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።"

ዘበኛው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። ሻምበሉ ሥዕሉን አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተ። ባዶውን ወረቀትም አነሳው። "ሁለቱንም መልሷቸው" አለ።

ክፍላችን ስንደርስ እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

"አለ አይደል አጥንቱ?" አሉኝ።

"አለ፣ ጋሼ።"

በማግስቱ እሁድ፣ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፎች ቆለፉ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ደረቡ። ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣበት፣ የአባቷን ጉልበት የምትስምበት ሰዓት ነበር። ፊታቸውን ወደ ገበያው አቅጣጫ፣ ወደ ግድግዳው አዞሩና እጃቸውን ዘረጉ።

"ውለጂ፣ ክበጂ። ቤትሽ ይሙቅ" አሉ።

ሁላችንም ቆምን፤ መራመድ ያቃተውን ሰው ደግፈን አቆምነው። "አሜን" አልን። እሳቸውም ምርቃቱን አንድም ሳያስቀሩ ጨረሱና ተቀመጡ።

እኔ በሦስተኛው ሳምንት ተፈታሁ። እሳቸው ከእኔ በኋላ ብዙ ወራት ቆዩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አስተምር በነበረበት ዘመን በየዓመቱ ከኮልፌ ያረጀ በሬ ልብ እየገዛሁ ለተማሪዎቼ እወስድ ነበር፤ ቢላቸው ቀጭ ሲል ቀና ብለው ያዩኛል። ስማቸውን ከመረጥኳቸው ስምንት ሰዎች አምስቱ በሕይወት አሉ። ያ የገፈተረኝ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት፤ በየበዓሉ ደውሎ እንኳን አደረሰህ ይለኛል። ስሙ ምላሴ ላይ እንደነበረ ነግሬው አላውቅም። ስልኩን ስዘጋ ትዝ የሚለኝ እሱ አይደለም፤ አባቷ ሳይኖር ከቤት የወጣችው ሙሽራ ናት።