የደረቀ ማሊያ

የመጨረሻው የዘወትር ቀናችን ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ጠዋቱን ሙሉ የኳስ ጫማውን በሲባጎ ሲሰፋ አረፈደ። ወጥ የመሥራት ተረኛ እሱ ነበር። ጫማ ከያዘ ግን ሌላ ነገር አይነካም። ስለዚህ ድስቱን እኔ ጣድኩ።

ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ አንዲት የሣር ክዳን ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። ወላጆቻችን በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ያርሳሉ። ሁለታችንም ግራኝ ነን። አባታችንም ግራኝ ነው። እናታችን «ከዚህ ቤት ቀኝ የሚባል አልወጣም» እያለች ትስቅብን ነበር። ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። በሌላውም ነገር ይበልጠኛል። በኑዌርኛ ይቀልዳል፣ በአኙዋክኛ ገበያ ይከራከራል፣ የባሮን ወንዝ ይዋኛል። እኔ አማርኛ እናገራለሁ። ውሃ ዳር እቆማለሁ።

ያን ጊዜ ክልል የሚለው ቃል ገና አፋችን ላይ አልለሰለሰም። ጋምቤላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም የኳስ ቡድን ወደ ክልሎች ውድድር ልትልክ ነው ተባለ። የከተማው ሰው ሁሉ አሰልጣኝ ሆነ።

ከሰዓት ሜዳ ስንደርስ፣ ማንጎው ሥር ሁልጊዜ የማይጠፉት ሹፌሩና ልብስ ሰፊው ክርክር ይዘዋል።

«ግራ ላይ ሰው የለንም!» ይላል ሹፌሩ።

«እንዴት የለንም? ይኸ ልጅ አለ አይደል?» ልብስ ሰፊው ወንድሜን አሳየው።

«እሱ አንድ ነው። ትርፍ ጎማ ሳይዝ እስከ ማታር ድረስ የሚሄድ ሹፌር አይተህ ታውቃለህ? እሱ የተሰበረ ዕለት ምን ልንሆን ነው?»

«ትርፍ ጎማውማ ይኸው ቆሟል።» እኔን ነው።

ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ይሄማ ከመነዳሪ ነው፤ ገና ይነፋል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን የወንድሜን ሳቅ ከሌላው ሳቅ ለይቼ ሰማሁት።

አሰልጣኛችን የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ ነበር። ቲቸር እንለዋለን። መጥቶ ነገሩን ቆረጠው። ከየወረዳው ተጫዋች መኖር አለበት፣ ከአንድ ቤት ደግሞ ሁለት ሰው አይወጣም አለ። «ያለዚያ ሰው ምን ይላል? ክልሉ የነዚህ ቤት ነው ይላል። የግራው ተጠባባቂ ከኢታንግ ይመጣል።»

«ቲቸር፣ የኢታንጉ ልጅ ቀኝ እግረኛ ነው እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«ይለምዳል።»

«ግራ እግር በወረዳ ይታደላል እንዴ?»

«ዘንድሮ ምን የማይታደል አለ?» አለና ቲቸር ጆንያውን ከፈተ።

ጆንያው ውስጥ ያሉት ማሊያዎች ናቸው። ቡድናችን የነበረው አሥራ አንድ ማሊያ ብቻ ነው። ቋሚ የተባለ ሰው ማሊያውን ቤቱ ወስዶ ያጥባል። ተጠባባቂ የሚያጥበው ነገር የለውም። የሚቀየረው ሰው መስመሩ ላይ አውልቆ ይሰጠዋል፣ እሱም ከነላቡ ለብሶ ይገባል። እኔ የወንድሜን ስንት ጊዜ እንዲህ ለብሻለሁ። መጀመሪያ ጀርባ ላይ ሲለጠፍ ይቀዘቅዛል፣ ሮጥ ሮጥ ሲሉ ይሞቃል። አንድ ጊዜ ተቀይሬ ገብቼ ጎል አገባሁ። ማታ ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ ወንድሜን አቅፎ ሳመው። «አሥራ አንድ ቁጥር፣ ምን ዓይነት ጎል ነው!» አለው። ወንድሜ «እሱ ነው ያገባው» ብሎ አሳየኝ። ሰውዬው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ወሬውን ከወንድሜ ጋር ቀጠለ።

የዚያን ቀንም ቲቸር አሥራ አንድ ቁጥርን አጣጥፎ ለወንድሜ ሰጠው። በቃ፣ ተመረጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላው ሄድኩ።

«አኮረፍክ?» አለኝ።

«ለምን አኮርፋለሁ?»

«እኔ ከተሰበርኩ ያው አንተ ነህ።»

«ከአንድ ቤት ሁለት አይወጣም ተብሏል።»

«እኔ ከተሰበርኩ እኮ አንድ ነን፣ አንተ ከመነዳሪ!» ብሎ አንገቴን በክንዱ ያዘኝ። አስለቀቅሁት።

ቤት ደርሶ ማሊያውን ባልዲ ውስጥ በሳሙና አጠበ። እንደ ሙሽራ ልብስ በቀስታ ነው ያሸው። ሽቦው ላይ አሰጣው። ከዚያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ።

«ልጆቹ ወንዝ እየጠበቁኝ ነው። ትመጣለህ?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው ሲደርቅ አስገባው። ፍየል እንዳይበላው።»

በሩ ላይ ተቀምጬ ማሊያውን ሳይ ቆየሁ። ጫፉ ያንጠባጥባል። ደርቆ አንድ ጊዜ ብለብሰው ብዬ አሰብኩ። እሱ ሳይኖር፣ ከማንም ገላ ሳይመጣ። ተነስቼ ነካሁት። ገና ነበር።

ባሮ ክፉ ጠባይ አለው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ይዘንብና ይሞላል። ወንድሜና ጓደኞቹ መሐል ወዳለው አሸዋ ተሻግረው ነበር አሉ። ሲመለሱ ውሃው ቀልቶ መጣ። ሌሎቹ ወጡ። ልጆች እየጮኹ ወደ ግቢያችን ሲሮጡ የማንን ስም እንደሚጠሩ ቶሎ አልገባኝም። አመሻሽ ላይ ዓሣ አጥማጆች ከድልድዩ በታች አግኝተው በታንኳ አወጡት። ፎጣው ዳር ላይ እንደተጣጠፈ ነበር።

ሲነጋ ግቢው ሞላ። አባቴና እናቴ ከመንደር ደረሱ። የቡድኑ ልጆች መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዱ በኑዌርኛ አለቀሰ፣ አንዷ አሮጊት በአኙዋክኛ ስሙን እየጠራች አለቀሰች። የት እንደምታውቀው አላውቅም። እናቴ በወሎ ሙሾ «ግራው የኔ አንበሳ» ትላለች። አፍሬ የምጽፈው ነገር አይደለም፤ እንደነበረ ነው የምጽፈው። ቀናሁበት። በሦስት ቋንቋ ይለቀስለት ነበር። እኔ ብሆን በስንት ይለቀስልኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እኔም አለቀስኩ፣ ግን ያ ሐሳብ አልሄደም።

ከኋላዬ ልብስ ሰፊው ለሹፌሩ አንሾካሾከ።

«እንግዲህ አሁን ከአንድ ቤት አንድ ነው።»

«ዝም በል፣ አንተ ሰው! እዚህ ይባላል?» አለው ሹፌሩ።

ቲቸር ግን ሰምቷል። አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ሽቦው ላይ ያለውን ማሊያ እያየ ነበር። ማስገባቱን ረስቼው እዚያው አድሯል፤ ፍየልም አልነካውም።

«ልጄ» አለኝ፣ «ማሊያው አንተ ጋ ይሁን።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። ሰው ሁሉ እያየ መጣልኝ።

ተነስቼ ከሽቦው ላይ አወረድኩት። ድርቅ ብሏል፤ እጅጌው እንደ ካርቶን ሆኗል። ደረቁን ይዤው አላውቅም ነበር። ደረቴ ላይ አደረግኩት። ልኬ ነው። ከወንድሜ ግን እንዲህ ደርቆ ተቀብዬው አላውቅም።

ያጠበበት ባልዲ ግድግዳው ሥር ነበር። ውሃውን ማንም አልደፋውም። ማሊያውን ነከርኩት። «ምን እያደረገ ነው?» ሲል አንዱን ሰማሁ። ሸሚዜን አውልቄ ከነውሃው ለበስኩት። ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ቀዘቀዘኝ።

ሄጄ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። እስኪሞቀኝ ጠበቅሁ።